በኪሎ ከመሸጡ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የመለስተኛ ሆቴል ጓሮ የዞረ ሰው እሱን ሳያይ አይመለስም። ከተሰባበሩ ወንበሮች ክምር አጠገብ፣ ዙሪያውን ሣር የበቀለበት ጀነሬተር ቁጭ ብሏል። የማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ አፍ ወደ ላይ እንደተከፈተ ዝናብ ይገባበታል። ባትሪውን ሰው ከወሰደው ቆይቷል። ዘበኛውን "ይሠራል?" ብትሉት "ድሮ ይሠራ ነበር" ይላችኋል። ንብረት ክፍል ብትጠይቁ ደግሞ "ይወገዳል ተብሎ ተይዟል" ነው መልሱ። መቼ እንደተያዘ የሚያስታውስ የለም።

እኔ የምተዳደረው በእነዚህ ዕቃዎች ነው። የተቃጠለ የሞተር ሽቦ እንደገና እጠመጥማለሁ፣ ጀነሬተር እጠግናለሁ፣ የማይጠገነውን ደግሞ በታትኜ እሸጣለሁ። ሰው ጥገናና ብተና የማይገናኙ ሥራዎች ይመስሉታል። ከውስጡ ሆኖ ላየው ግን አንድ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ዕቃው ምን ላይ እንዳለ በማወቅ ነው። የሁለቱም ጠላት ደግሞ ጓሮው ነው። ጀነሬተሩ በተበላሸበት ወር ውሳኔ ቢያገኝ ኖሮ፣ ተጠግኖም ሆነ ተፈትቶ ደህና ገንዘብ ያወጣ ነበር። አምስት ክረምት ከወረደበት በኋላ ግን ጠጋኝም ፈቺም የሚያተርፈው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህ ሁሉ ጀነሬተር ከየት መጣ የሚል ፈረቃውን ያስታውስ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም መብራት በተራ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ፀጉር ቤቱ በሩ ላይ ትንሿን የቤንዚን አቆመ፤ ሆቴሉና ክሊኒኩ ትልቁን የናፍጣ ከነመሠረቱ ተከለ። ከዚያ ተከዜ፣ ጊቤ ሁለትና ጣና በለስ ሦስቱም በዚያው በ2002 ተመረቁ። በ2009 ጊቤ ሦስት በ1,870 ሜጋዋት ተከተለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተገነባው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መብራት መጥፋቱን አልተወም፣ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ቀኑን ሙሉ በጀነሬተር መዋል ግን ቀረ። ጀነሬተሩም ቀስ እያለ ከበር ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ጓሮ ሄደ። በግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ እንደገና ፈረቃ ሲታወጅ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጓሮው ሮጠ። ያን ሰሞን ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም።

ከደወሉልኝ መካከል የአንድ አነስተኛ ሆቴል ባለቤት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናት። የጠሩኝ ለጥገና አይደለም። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ቦታ ይዞብኛል። ዲናሞው ተቃጥሏል ብለውኛል። በኪሎ ውሰድልኝና ሌላ ልግዛበት" አሉኝ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ አንዴ ልየው" አልኳቸው።

የተቃጠለ የዲናሞ ጥምጥም ይሸታል። ዓመታት ቢቆይ እንኳ ክዳኑ ሲነሣ ያ የከሰለ ቫርኒሽ ጠረን አፍንጫ ላይ ይመጣል፤ ሽቦውም ይጠቁራል፣ ያሰረው ክር ሲነኩት ይበናል። ይህኛው አይሸትም ነበር። የሽቦውን ሽፋን ጤንነት የሚለካውን ሜገር አሳረፍኩበት፤ ጥምጥሙ ደህና ነው። ናፍጣ ሞላን፣ አየሩን አስወጣን፣ ከአንድ ሚኒባስ ባትሪ ተውሰን ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ነካነው። ትንሽ አንገራግሮ ተነሣ። በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ሲረጋ ድምፁ የጤነኛ ሞተር ድምፅ ነው። መብራት ግን የለም። መለኪያዬ 230 ማሳየት ሲገባው 3 ቮልት ገደማ ላይ ቆመ። በፊት የመጡት ባለሙያዎች "ተቃጥሏል" ያሉት ይህን ብቻ አይተው መሆን አለበት።

ጀነሬተር መብራት ለመስጠት መነሻ የሚሆነው ትንሽ ማግኔት ይፈልጋል። ይህ ማግኔት ካለፈው ሥራው ብረቱ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ቡሃቃው ጥግ ላይ እንደተረፈ እርሾ ማለት ነው። እርሾው ካለ ሊጡ ይቦካል። ጀነሬተሩ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ከቆየ ግን እርሾው ይሞትና ሞተሩ ቢዞር ቢዞር መብራት አይመጣም። የተቃጠለ ነገር የለም፣ የተበጠሰም የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሞተሩን አጠፋሁ፣ የኤቪአሩን፣ የቮልት መቆጣጠሪያውን፣ ሁለት ሽቦዎች ማግኔቱን ከሚያጎለብተው ጥምጥም፣ ከኤክሳይተሩ፣ ላይ ነቀልኩ፣ በምትካቸው ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለይቼ ለጥቂት ሰከንድ አስነካሁ። ሽቦዎቹን መለስኩና እንደገና አስነሣሁት። መለኪያው 40፣ 110 እያለ ወጥቶ 230 ላይ ቆመ። የኮሪደሩ አምፖል በራ። እትዬ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "እና እስከ ዛሬ ምን ሲነግሩኝ ነበር?" አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ይህን ዘዴ የሚያውቅ ሁሉ ለባለንብረቱ አይናገርም። "ተቃጥሏል" ብሎ በኪሎ ገዝቶ፣ ሰፈር ቀይሮ፣ በባትሪ ቀስቅሶ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ "ሰልባጅ ነው፣ ብዙ አልሠራም" እያለ የሚሸጥ አለ። ትርፉ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ነው፤ ያ ልዩነት ደግሞ አንድ ሰው የሚያውቀው ሌላው የማያውቀው ነገር ብቻ ነው። ንግድ ነው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። እኔ ለማየት የጠሩኝን ሰው ዕቃ በኪሎ ዋጋ አልገዛም፤ ገምጋሚም ገዢም አንድ ሰው ሲሆን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቀዋለሁና።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ሱቃቸው የገባ ሞተር ላይ ማንም መዶሻ እንዲያነሣ አይፈቅዱም ነበር። መጀመሪያ በእጅ ይዞራል፦ ከዞረ ኩሽኔታው አለ፣ ካልዞረ ዝገት ይዞት ነው ወይስ ኩሽኔታው ደርቆ፣ ይታያል። ቀጥሎ ሜገር ይነካዋል። ከአንድ ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ወዲያው "ሞቷል" አይባልም። ክረምት ያሳለፈ ሞተር ብዙ ጊዜ እርጥብ እንጂ ቃጠሎ የለበትም። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሞተር ሆዱ ውስጥ ባለ 200 ዋት አምፖል አስገብተው፣ በጆንያ ሸፍነው ያሳድሩታል። ጠዋት ሲለኩት ንባቡ ከፍ ካለ በማግሥቱም ይደግሙታል። አምፖል የሚያድነውን ሞተር በመሮ የሚቆርጥ ሰው ለእሳቸው ከሌባ አይሻልም ነበር፤ እኔ እንኳ ይህን ያህል አልከርርም።

የእውነት የሞተ ግን አለ፣ ያን ጊዜ ማንገራገር ዋጋ የለውም። ሰው ሞተር ሲያይ ሁሉም መዳብ ይመስለዋል። አንድ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሲፈታ የሚወጣው መዳብ ብዙውን ጊዜ አሥር ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሌላው ብረትና ካስት አይረን ነው። መዳቡን ለማውጣት በአንድ በኩል ያለውን የጥምጥም ራስ በመሮ ከብረቱ ጠርዝ እኩል ትቆርጡታላችሁ፤ ከዚያ በሌላው በኩል እያንዳንዱን ጥቅል በብረት ቆልማሚ ይዞ መሳብ ነው። ቫርኒሹ አጥብቆ ስለያዘው መጀመሪያ እንቢ ይላል። ከዚያ አንዱ ጥቅል ከጉድጓዱ እየተንሸራተተ፣ የወረቀት መሸፈኛውን እየጎተተ ይወጣል። ውጪው የጠቆረ ሽቦ በመሮ የተቆረጠበት ጫፉ ላይ እንደ አዲስ ይቀላል። የዕለቱ ደሞዝ ያ ነው።

ቀይ የሆነ ሁሉ መዳብ አይደለም። በየፀጉር ቤቱ በር የነበሩት ትናንሽ ጀነሬተሮች፣ ብዙ ርካሽ ፓምፖችና ስታቢላይዘሮችም፣ ጥምጥማቸው አሉሚኒየም ሆኖ የመዳብ መልክ ያለው ቫርኒሽ ይቀባል። ካላመናችሁ ሽቦውን በምላጭ ፋቁት፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። እጅም ያውቀዋል፦ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። በመዳብ ሒሳብ ተደራድሮ አሉሚኒየም ተሸክሞ የሄደ ወጣት ቆራሌ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ "ቆራሌዎ!" እያለ የዞረበትን በአንድ ሽቦ ከሰረ።

ደህና ጀነሬተር ሲፈታ ደግሞ በኪሎ የሚሄደው ትንሹ ክፍሉ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ሞተሪኖው፣ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ፣ ራዲያተሩ፣ ኤቪአሩ፣ የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታታ፣ እያንዳንዱ የራሱ ፈላጊ አለው። ሶማሌ ተራና መርካቶ ላይ ለአንድ ሞዴል ፖምፓ ወራት የሚጠብቅ ሰው አለ። የሞተው አካሉ እንኳ ምን አለሽ ተራ ሲደርስ እንደገና ሰው ያገኛል፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ወፍራሙ ላሜራ ማጠፊያ ይሆናል። የትራንስፎርመር ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች ደግሞ ሰፈር ውስጥ ለሚሠራ የብየዳ ማሽን ልብ ናቸው። ሲሊከን ያለበት ብረት ስለሆነ ተራ ላሜራ አይተካውም። ይህን የማያውቅ ሰው በውዳቂ ብረት ዋጋ ወደ ማቅለጫ ይሰደዋል፤ እዚያ ሲገባ ፌሮ ሆኖ ይወጣል።

ስለ ትራንስፎርመር ካነሣን ግን ሙያውን የምፈራበት ቦታ ደርሰናል። የድሮ ትራንስፎርመር በዘይት የተሞላ ነው። ከዚያ ዘይት አንዳንዱ ፒሲቢ የሚባለውን ኬሚካል ይይዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ማምረቱን ከልክላለች፤ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲያወጡት፣ እስከ 2028 ደግሞ በአግባቡ እንዲያስወግዱት ይጠይቃል። ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። የሰሌዳው ጽሑፍ ላይ አስካሬል ወይም ፒራሌን የሚል፣ የዚያ ዘይት መጠሪያ፣ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ሰሌዳ ከሌለው ደግሞ በማየትም በማሽተትም አይለይም፤ ምርመራ ይፈልጋል። ነገር ግን ሰው ዘይቱን መሬት ላይ ለቅቆ ቆርቆሮውን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ዘይቱን ለራሱ የሚፈልግም አለ። ኬንያ ውስጥ ከትራንስፎርመር የተሰረቀ ዘይት ለምግብ መጥበሻ መሸጡ በዜና ተዘግቧል፤ ቶሎ ስለማያልቅ ይመረጣል አሉ። እኔ ዘይት ያለበትን ትራንስፎርመር አልፈታም፤ ሥራ መመለስ ከሆነ ይሁን።

ኬብል ማቃጠልም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩን በቢላ መላጥ ጊዜ ይፈጃል፣ እሳት ግን በደቂቃ ይጨርሰዋል። ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሕፃናት ቀለሙን ለማየት ይሰበሰባሉ። ያ አረንጓዴ መዳቡና የፕላስቲኩ ክሎሪን ሲገናኙ የሚመጣ ነው፣ በጭሱ ውስጥ ደግሞ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ አለ። በንግድም ቢሆን ሞኝነት ነው፦ የተቃጠለ መዳብ ገጹ ጠቁሮ ስለሚመጣ ገዢው ከንጹሑ ዋጋ ይቀንስበታል። ባትሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የመኪናና የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው) ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ማንም በድስት ያቀልጠዋል። ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር ሰዎች ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ ሲለቅሙ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ባትሪ ሳይከፈት፣ ከነውሃው፣ ለሚረከብ ይሸጣል። በቃ።

ወደ ዋጋ እንመለስ፤ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ምን አለሽ ተራ ላይ መዳብ የሚመዝን ሰው ለንደንን አያውቃት ይሆናል፣ ለንደን ግን ታውቀዋለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም አንድ ቶን መዳብ በለንደን ገበያ ከ11,000 ዶላር አልፎ እስከዚያ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ ላይ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ክረምት የኪሎ ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያይ ነበር። ጓሮው ውስጥ የድሮ ሞተር ያለው ሁሉ ድንገት ሀብታም የሆነ መሰለው፤ ሊጠገን የሚችለው ሁሉ ወደ ሚዛን መጣ። እኔ ግን ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው፦ የመለዋወጫውና የአዲሱ ጀነሬተር ዋጋ ከመዳቡ ይብስ ወጥቶ ነበር። በቁሙ ያለ፣ የሚሠራ ማሽን ከመቼውም በላይ ዋጋ ባገኘበት ሰሞን ነው ሰው በኪሎ ለመሸጥ የተሰለፈው።

ዋጋ ሲወጣ ሌላም ነገር ይመጣል። የከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ማማዎች ብረት እየተፈታ መሰረቁን፣ ማማው ራሱ መውደቁን በየጊዜው እንሰማለን። ያ ብረት የሆነ ቦታ ተመዝኖ ተሸጧል፤ የመዘነውም ሰው ቀዳዳዎቹንና ዚንክ የተነከረ ገጹን ሲያይ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። የትራንስፎርመር መዳብም እንደዚሁ። በዚህ የተነሣ ያለ ወረቀት ዕቃ አልነካም፦ የማን ነው፣ በምን ደብዳቤ ወጣ፣ ማን ፈረመ። ደላሎች "አንተ ደግሞ ፍርድ ቤት ነህ እንዴ?" ይሉኛል። ፖሊስ ሲመጣ ግን ደላላ አይገኝም።

ወረቀቱ ሲነሣ ደግሞ ጓሮው ተመልሶ ይመጣል። የመንግሥትም ሆነ የግል መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን የሚሸጠው በኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ግምት ይፈልጋል፣ ግምቱ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ባለሙያው ክፍያ ይፈልጋል፣ ክፍያው በጀት ይፈልጋል። ሥርዓቱ የመጣው ንብረት እንዳይዘረፍ ነው፣ ክፉ አይደለም። ግን ማንም ሰው ጀነሬተሩ በዝናብ ስለበሰበሰ ተጠይቆ አያውቅም፤ በርካሽ ሸጠ ተብሎ ግን ይጠየቃል። ስለዚህ መተው ይመረጣል። ራዲያተሩ ይበሳል፣ በማርሚታው የገባው ውሃ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ያጣብቀዋል፣ አይጥ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ይበላል። ጨረታው ሲወጣ "አንድ ሎት፣ የተለያዩ ውዳቂ ብረታ ብረቶች" ይላል። ከእነዚህ ውዳቂዎች መካከል የጠፋበት እርሾው ብቻ የነበረ ጀነሬተር ይኖራል፤ አሁን ግን ፒስተኑም ተጣብቋል።

በቅርቡ ከአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ደውለውልኝ ነበር፤ ጓሮ ያለ ጀነሬተር አላቸው፣ በኪሎ ስንት ያወጣል ነው ጥያቄው። ዋጋ አልነገርኳቸውም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ የሚደረገውን ነገርኳቸው፦ የማርሚታውን አፍ በቆርቆሮ ክደኑት፣ ሸራ አልብሱት ግን ከሥር አየር ይግባ፣ ውሃውን ከራዲያተሩ አፍስሱ፣ ባትሪው ካለ አውጥታችሁ ቤት አስገቡት፣ በወር አንዴ ሞተሩን በእጅ አዙሩት፣ የሰሌዳውን ፎቶ ላኩልኝ። ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፉ። ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል ስላቸው ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው አሉኝ። ፎቶው ግን በማግሥቱ መጣ፤ ሸራም ገዝተዋል።